በዝናብ በኩል ያለው ግድግዳ

ጅረኛ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ያለኝ ሰኞ ቀን ነው። ሰኞ ስል የሚያዝያን የመጀመሪያ ሰኞ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ሰኞ አለፈ፤ የጅረኛ ነገ ጠዋት ግን አልነጋም።

እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። አሶሳ ውስጥ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ፤ ደወሉ ሁለት ደቂቃ ከዘገየ ደዋዩን ፍለጋ ራሴ እወጣለሁ። ቡለን ወረዳ የሚሠራው ባለቤቴ በወር አንዴ ሲመጣ፣ «ቀነኒ ወጡ ሳይበስል ሳህን የምታጥብ ናት» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። እሱ ሳይቸኩል የጨረሰው ነገር ካለ እስቲ ያሳየኝ።

ጉዳዩ ግድግዳ ነው። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የሽመል ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ከላዩ የሲሚንቶ ልስን። የሠሩት አባቴ ኦቦ ገረሱ ናቸው። ከወለጋ መጥተው ባምባሲ ሲቀመጡም፣ በኋላ አሶሳ ሲገቡም ያኖራቸው ይኸው ሙያ ነው፤ በዚህ ከተማ እሳቸው ያቆሙት ቤት ዘመመ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ቀኝ ጎናቸውን ስትሮክ መታቸውና እጃቸውም እግራቸውም እንቢ አለ። የሚተኙት በምዕራቡ ክፍል ነው። የአሶሳ ዝናብ ደግሞ ከነፋስ ጋር ተንጋዶ መጥቶ የሚገርፈው ያንኑ በኩል ነው። አምና ክረምት ልስኑ ተሰነጣጥቆ እርጥበቱ አልጋቸው ድረስ ደረሰ፤ ሦስት ወር ሙሉ ሲያስሉ ከረሙ። ጥር ላይ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና ሳንባቸው ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት እንደማይችል፣ ልባቸውም እንደደከመ ነገረኝ። ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

ወደ ሌላ ክፍል ይዛወሩ ብላቸው፣ «ከገዛ ግድግዳዬ ወዴት እሸሻለሁ?» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አባቴ ናቸውና ዋጥኩት። እንግዲያው ግንቦት ሳይጋመስ ግድግዳውን ቆርቆሮ ማልበስ አለብኝ አልኩ። ቋሚው ላይ የሞራሌ እንጨት ይመታል፣ በላዩ ቆርቆሮ ይለበጣል፣ ዝናቡ የፈለገውን ያህል ይገርፋል፣ አባቴ ደረቅ አልጋ ላይ ይተኛሉ። የፈለግሁት ይህንን ብቻ ነበር።

ለዚህ ሥራ ከጅረኛ የተሻለ ሰው የለም። ሙያውን ከአባቴ የተማረ፣ ስድስት ዓመት እኛው ቤት የኖረ፣ ለእኔም እንደ ታላቅ ወንድም የሆነ ሰው ነው። መጣ። በአንድ ቀን አሮጌውን ልስን ከላይ እስከ ታች ገፈፈው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ቋሚ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ቀጥሎ ያለውንም ጫን አደረገው። ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገና «ነገ ጠዋት» ብሎኝ መሰላሉን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈ ሄደ።

በማግስቱ ደወልኩ፤ ሞራሌ የጫነው መኪና ተበላሽቷል። በሦስተኛው ቀን ደወልኩ፤ ለቅሶ ላይ ነው። በሳምንቱ ደወልኩ፤ ሚስቱ አነሣችና «ስልኩን ረስቶት ወጣ» አለችኝ፣ ከኋላዋ ድምፁን እየሰማሁት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የተሰነጠቀም ቢሆን ልስን የነበረውን ግድግዳ አስገፍፌ እርቃኑን አስቀረሁት።

ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ አንድ ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ሸራ ወጥሬ ነበር፤ ነፋሱ አንዱን ጫፍ በጠሰውና ውሃው ጭቃውን ላሰው። አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ሳል አሰሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳሉት፤ እኔ ግን በማግስቱ ትምህርት ቤት ሆኜ ያንን ሳል ስሰማ ዋልኩ። ልጆቹ ሰልፍ ላይ ሲያስሉ እንኳ ልቤ ይዘል ነበር።

ሌላ ሰው ፈለግሁ። መጀመሪያ ያመጣሁት ኻሚስን ነው፤ የበርታ ሰው፣ እዚሁ አሶሳ ተወልዶ ያደገ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ቆርቆሮ ሲመታ ግን በፀጉር ስንጣቂ አይስትም። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ፤ ቋሚውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ተነሣ።

«ወላሂ፣ እኔ ይሄ ግድግዳ አልነካም» አለኝ።

«ለምን አትነካም?»

«ሽማግሌው ጠይቀሃል?»

«ሽማግሌው ምን አገባቸው? የማሠራው እኔ ነኝ።»

«አንተ መጀመሪያ ሽማግሌው ጠይቅ። ከዛ እኔ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

ጅረኛ ቀድሞ ነግሮት ነው፣ ተማክረውብኛል አልኩ። ሁለተኛ ፈንታን ጠራሁ፤ ወላጆቹ በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ ሲሠራም ሲያወራም ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። እሱም ቁጢጥ አለ፤ እሱም በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ቀልዱ እዚያው አለቀበት።

«እመቤቴ፣ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለኝ።

«እኔ ደግሞ ያልቸኮለ ሰው የፈሰሰ ጭቃ ሲለቅም ነው ያየሁት።»

አልሳቀም። ሲወጣ ወደ አባቴ ክፍል ጎራ አለ፤ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ስለ ጤናቸው ጠየቀ፣ ስለ ግድግዳው ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። በከተማው ያለ ባለሙያ ሁሉ አንድ ላይ ያደመብኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ጅረኛ ባምባሲ ሥራ ላይ መሆኑን ከአንድ ባለ ሱቅ ሰማሁ። ቁርስ ሳልቀምስ መኪና ተሳፈርኩ። ደርሼ ሳየው፣ አቶ ጅረኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የሰው ሱቅ ግድግዳ አሳምሮ ቆርቆሮ ያለብሳል። ለኔ የጠፋው ሞራሌ እዚያ ተከምሯል።

«ውረድ» አልኩት።

«ቀነኒ፣ እንዴት አደርሽ? አባ እንዴት ናቸው?»

«እንዴት እንደሆኑ ልትጠይቅ መምጣት ትችል ነበር። ውረድ።»

ወረደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ባለ ሱቁ ቆሞ እየሰማ፣ «አባቴ ስድስት ዓመት ያበላህ ሌባ እንድትሆን ነው?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ክንዴን ያዘና ከሱቁ ጀርባ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ ያወራነው በኦሮምኛ ነው።

«ያ ግድግዳ ቆርቆሮ አይሸከምም» አለኝ። «ቋሚዎቹን ምስጥ ጨርሷቸዋል። ከውጭ ስታያቸው ደህና ናቸው፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። ሞራሌውን የምመታበት እንጨት የለም። መፍረስ አለበት።»

«ታዲያ አፍርሰዋ።»

«ሕጉን እያወቅሽ።»

ሕጉን አውቃለሁ፤ ለኔ የወንዶች ወሬ ነበር እንጂ ይደርስብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያወጡት አባቴ ናቸው። ድሮ ባለሙያዎቹ ሥራ ለመቀማት አንዱ የሌላውን ግድግዳ ለባለቤቱ ያጣጥል ነበር፤ ይሄ ዘምሟል፣ ያ ተበልቷል፣ ላፍርሰውና ልሥራልህ እያለ። አባቴ ይህን ጠልተው ለተማሪዎቻቸው ደንብ ደነገጉ። የሌላ ሰው ግድግዳ መፍረስ ካለበት ለባለቤቱ አይወራም፤ መጀመሪያ የሠራው ሰው ይጠራል፣ የመጀመሪያውን መዶሻ የሚያሳርፈውም እሱ ራሱ ነው። ካለ እሱ ማንም አይነካውም። ተማሪዎቻቸው ለሌሎች ነገሩ፤ ደንቡ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ተለመደ። ደንቡን ያልጠበቀ ሰው ከዚያ ወዲያ አብሮት የሚሠራ አያገኝም።

«የሠራው ሰው ከሞተስ?» አልኩት።

«ከሞተማ ማንም ያፈርሰዋል።»

ይህን ብሎ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ።

«እስኪሞቱ ነው የምትጠብቀው?»

«እንደሱ አትበይ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ቆርቆሮውን አድበስብሼ ልመታው ሦስት ጊዜ መጥቼ ከበራችሁ ተመልሻለሁ» አለ። «እንዲያ ብመታው ግድግዳው የሚወድቀው እሳቸው በተኙበት ላይ ነው። ልነግራቸው ደግሞ አፌ አይደፍርም። ያስተማሩኝን ሰውዬ፣ አልጋ ላይ ካሉ በኋላ፣ ግድግዳዎ ተበልቷል እላቸዋለሁ? ቋሚዎቹን እኮ አብሬያቸው የተከልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ልጃቸው ነሽ፤ አንቺ ንገሪያቸው።»

መኪና ውስጥ ገብቼ እስከ አሶሳ ድረስ ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው ስፈልግ መጣሁ፤ ከራሴ በቀር አላገኘሁም። ስደርስ አባቴ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጅረኛ ምን አለ?» አሉኝ።

«ነገ ጠዋት ይመጣል» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት። በማግስቱም ጠየቁኝ፤ ሞራሌ ጠፍቶ ነው አልኩ። ሰኞ ጠየቁኝ፤ ሰው ሞቶበት ነው አልኩ። ማክሰኞ ሳይጠይቁኝ ቀድሜ፣ «ክፍሉን ቀለም ላስቀባው ስለሆነ እኔ ክፍል ይተኙ» አልኳቸው። እንዴት ያለ ብልህ ሐሳብ አመጣሁ ብዬ ነበር።

«ልስን የሌለው ግድግዳ ምን ቀለም ይቀባል?» አሉኝ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነበር፤ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ። ስደርስ ዝናቡ ከነፋሱ ጋር ሸራውን ይዞታል። አባቴ ክፍል ስገባ ከግድግዳው የተገነጠለ የጭቃ ጓል ብርድ ልብሳቸው ላይ ወድቋል። እሳቸው ተቀምጠው በደህናው ግራ እጃቸው ጓሉን ቀስ እያሉ ይፈረፍሩታል። አልደነገጡም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምስጥ በልቶታል አባ» አልኩ። «ሁሉንም። ጅረኛ የጠፋው ለዚህ ነው። ሊነግርዎት ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነው።»

ጓሉን ፈርፍረው ጨረሱና እጃቸውን በብርድ ልብሱ ላይ አራገፉት።

«ይሄ ክፍል ለሠርግሽ የተሠራ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«የነቀምት የሠርግ እንግዶች ሊመጡ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው የጀመርኩት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል? እርጥቡን ተከልኩት። ምስጥ እንዳይበላው እግሩን በእሳት አላስመታሁት፤ የተቃጠለ ዘይትም አልቀባሁት። ጅረኛ፣ ‹ኦቦ፣ ይሄ ይበላል› ብሎኝ ነበር።»

አሥራ ሁለት ቀን። ለምን አሥራ ሁለት ቀን ብቻ እንደነበራቸው ትዝ አለኝ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ጥር ሩቅ ነው፣ ምን እንጠብቃለን ብዬ ወደ ኅዳር ያስመጣሁት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ሥራው አጠገብ ቆሜ «ምነው አባ፣ አልደረሰም እንዴ?» ስል የነበርኩትም እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ክፍል ስገባ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። አፈርኩ፤ እንባዬ መጣ፣ መጥረጉንም ተውኩት።

«ያኔ አይነግሩኝም ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ሙሽራ ነበርሽ እኮ፣ ኢንተላኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው፤ እንዲህ ብለው ከጠሩኝ ዓመታት አልፈዋል። ቀጥለውም፣ «ጅረኛን ጥሪው። መዶሻዬንም ከሳጥኑ አውጪልኝ» አሉ።

አምስት ሳምንት መንገድ የጠፋበት ሰውዬ ሐሙስ ገና ቁርስ ሳናነሣ ደጃችን ላይ ቆመ። ኻሚስና ፈንታም ተከትለው መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም። አባቴን ከነወንበራቸው አውጥተን ግድግዳው ፊት አስቀመጥናቸው። መዶሻውን በግራ እጃቸው ያዙት። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ በዓይናቸው መለሱኝ። መቱ። የወደቀው ጭቃ ለመዳፍ የማይሞላ ነው።

«መታሁት» አሉ፣ ሦስቱም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የኔ ግድግዳ ነው። ክፉ አድርጌ ነው የሠራሁት። አፍርሱት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወንበሬን ወደ መንገዱ አዙሪልኝ» አሉኝ።

አዞርኳቸው። ሰዎቹ ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት አቆሙትና ማፍረስ ጀመሩ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚያልፈውን ባጃጅ ያያሉ፤ መዶሻ ባረፈ ቁጥር ግን ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። ውሃ አመጣሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና አመጣሁ።

«ስንት ቋሚ ደህና አገኛችሁ?» አሉ አባቴ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«አራቱ ደህና ናቸው ኦቦ» አለ ጅረኛ።

«ዘጠኝ ነው የተከልነው። ዘጠኙንም እርጥብ። አራቱን ምስጡ ለምን ማራቸው?»

መጀመሪያ የሳቀው ኻሚስ ነው፤ ከዚያ ፈንታ፣ ከዚያ ውሸቱ የተያዘበት ጅረኛ ራሱ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ሳቀ። «አንዱን አምጪልኝ» አሉኝ። ከወደቁት የአንዱን ቁራጭ አነሣሁ፤ ክንድ የሚያህል እንጨት ምንም አይከብድም። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ጣታቸው ገባ። አገላብጠው አዩት።

«አሁን ወደነሱ አዙሪኝ» አሉ።

እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው የነበረበት ቦታ ክፍት ሆነ፤ ከመንገዱ የአባቴ አልጋ ይታያል። ፈንታ ገበያ ላይ ቀጥ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ አይቶ መጥቷል። «አሁን ላምጣው፤ ቅዳሜ ማታ ግድግዳው ቆሞ ታዩታላችሁ» አለ። እኔ «ሂድ አምጣ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አባቴ ቀደሙኝ።

«መቼ የተቆረጠ ነው?»

«በዚሁ ሳምንት ነው ኦቦ።»

«አምጣው ግን አትትከለው። ቅርፊቱን ልጣችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት። እዚህ ሸራ ይወጠር። እኔ ቀነኒ ክፍል እተኛለሁ። ግድግዳው ለመስከረም ይቆማል።»

ጅረኛ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። ከግንቦት እስከ መስከረም አራት ወር ነው፤ መካከሉ ሁሉ ክረምት ነው። ሐኪሙ ለብቻዬ የነገረኝን አልሰሙም ብዬ ነበር የማስበው። ወንበራቸው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉት።

«መስከረም ላይ እኔ ባልኖር የመጀመሪያውን ቋሚ አንቺ ትከይው» አሉኝ። «ጅረኛ እግሩን በእሳት ያስመታልሻል። መድረቁን በደንብ እዪ፤ እንዳትቸኩይ።»

ዛሬውኑ እንትከለው አባ፣ እርጥብም ቢሆን፣ እርስዎ እያዩት ይቁም፤ አፌ ላይ የመጣው ይህ ነበር። ሰዎቹ ሦስቱም ሥራቸውን አቁመው ይጠብቁኛል። አባቴም ይጠብቁኛል።

«እሺ አባ» አልኩ። «ይድረቅ።»